ጽዋውን ይዘን እንዳንረሳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው፣ ነገር ግን ስለለመድነው ብቻ ብዙ ሳንጠይቅበት የኖርነው ነው። እርሱም ዝክር ነው። እናቶቻችን በየወሩ ዳቦ ደፍተው፣ ቆሎ ቆልተው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ጸበል ጸዲቁን ባርከው ሲሰጡ አይተን አድገናል። ከበሩ ቆመን እጃችንን ዘርግተን ዳቦ የተቀበልንበትን ቀን የማያስታውስ ከመካከላችን አይገኝም።

ዛሬ ግን በእኛ በወጣቶች ዘንድ ስለ ዝክር ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንደኛው «ዝክር የእናቶችና የአረጋውያን ነው፤ ለእኛ ጸሎቱና ትምህርቱ ይበቃናል» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ዘመን ማን ይደግሳል? ሲሞላልን እናደርገዋለን» የሚል ነው። ሁለቱ አነጋገሮች የሚለያዩ ይመስላሉ እንጂ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ዝክርን ድግስ ነው ብለው ይነሣሉ። እኛ ግን ቅዱሳት መጻሕፍትን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓትና የከተማችንን ኑሮ አስተያይተን ስንመለከተው ዝክር ድግስ ሳይሆን የማይረሳ ሕይወት መሆኑን እንረዳለን። ድግስ የሌለው ሰው ሊዘክር ይችላል፤ የደገሰ ሰውም ሊረሳ ይችላል። ይህን ቀጥለን በየክፍሉ እንመለከታለን።

ሀ. ዝክር ማለት ምን ማለት ነው?

ዝክር «ዘከረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። ተዝካር የሚለውም ቃል ከዚሁ የመጣ ነው። የመጥምቁ ዮሐንስ አባት የካህኑ የዘካርያስም ስም እግዚአብሔር አሰበ እንደ ማለት ይተረጐማል። እንግዲህ ከስሙ እንደምንረዳው ማሰብ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ የእኛ ዝክር ለእርሱ ማሰብ የምንመልሰው መልስ ነው።

እግዚአብሔር የሚያስበው እንዴት ነው? በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 እግዚአብሔር ኖኅን በመርከብ ውስጥ ሳለ እንዳሰበው ተጽፏል፤ ወዲያውም ነፋስ በምድር ላይ አለፈ፣ ውኃውም ጐደለ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 2 እግዚአብሔር ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ የገባውን ኪዳን እንዳሰበ እናነባለን፤ በሚቀጥለውም ምዕራፍ ሙሴን ጠርቶ ወደ ፈርዖን ላከው። እግዚአብሔር አሰበ ሲባል ረስቶ ነበር ማለት አይደለም፤ ለተግባር ተነሣ ማለት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ማሰብና ማድረግ አይለያዩም። ስለዚህ «አስቤሃለሁ» ብሎ ምንም ያላደረገ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ ገና አላሰበም።

ጌታችንም በምሴተ ሐሙስ ኅብስቱንና ጽዋውን ለሐዋርያት ሰጥቶ ይህን መታሰቢያው አድርገው እንዲፈጽሙት ሲያዝዛቸው (ሉቃ. 22፥19) በልባቸው ብቻ እንዲያስቡት አልነገራቸውም። እንዲያደርጉት አዘዛቸው። የዝክር ሁሉ ራስ ቅዳሴው ነው፤ በየቤታችን የምናደርገው ዝክር ከዚያ ማዕድ የሚቀዳ ነው። ቅዱሳንንም የምንዘክራቸው ያዋሉንን ቃል፣ የኑሯቸውን ፍጻሜ አይተን በእምነት እንድንመስላቸው ነው (ዕብ. 13፥7)፤ ክብሩም የሚመለሰው ወደ አምላካቸው ነው።

ለ. መርሳት የሚጀምረው ከየት ነው?

ብዙዎቻችን ሰው እግዚአብሔርን የሚረሳው ሲቸግረው ይመስለናል። ሙሴ ግን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 ለእስራኤል የነገራቸው የተለየ ነው። ስትበሉና ስትጠግቡ፣ መልካም ቤት ሠርታችሁ ስትቀመጡ፣ ከብታችሁና ብራችሁ ሲበዛ ያን ጊዜ እንዳትረሱ ተጠንቀቁ ብሎ አስጠነቀቃቸው። በምድረ በዳ ውኃ ሲጠማቸው ቢያጉረመርሙም እግዚአብሔርን ይጠሩት ነበር። ከጥጋብ በኋላ ግን መጥራቱም ይቀራል። መርሳት የሚጀምረው እንግዲህ ከማዕድ ላይ ነው።

አባቶቻችን ዝክርን ከማዕድ ጋር ያያያዙት ለምን እንደሆነ ከዚህ መረዳት እንችላለን። አንዳንዶች «መንፈሳዊ ነገር ከዳቦና ከጠላ ጋር ምን አገናኘው?» ይላሉ። መልሱ ይህ ነው፤ ሰው አምላኩን የሚረሳበት ቦታ ማዕዱ ስለሆነ፣ ማስታወሻውም በማዕዱ ላይ መቀመጥ አለበት። ካህኑ ቆመው ጸሎት ሲያደርሱ፣ ከመቁረሳችን በፊት የቅዱሱ ስም ሲጠራ፣ ከዳቦው ላይ አስቀድሞ ለችግረኛው ሲነሣ፣ ያ ማዕድ የመርሳት ቦታ መሆኑ ቀርቶ የማሰብ ቦታ ይሆናል።

ሆኖም ማዕዱ መሰናዳቱ ብቻውን አያድንም። ለዚህም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40 የሚገኘውን የጠጅ አሳላፊውን ታሪክ እንመልከት። ይህ ሰው ከዮሴፍ ጋር በግዞት ቤት ነበር። ዮሴፍ ሕልሙን ፈታለት፤ ወደ ሹመቱ ሲመለስ በፈርዖን ፊት እንዲያስታውሰው አደራ አለው። ሰውየው እንደተፈታለት በሦስተኛው ቀን ወደ ሹመቱ ተመለሰ፤ ጽዋውንም በፈርዖን እጅ ሰጠ። ነገር ግን ዮሴፍን ረሳው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ጽዋ ይይዝ ነበር፤ በየቀኑም ዮሴፍ በግዞት ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ታሪክ የጽዋ ማኅበርተኛ ለሆንን ሁሉ የተጻፈ ይመስላል። ጽዋ መያዝና ማሰብ አንድ አይደሉም። ጽዋው በእጃችን እያለ በግዞት ያለውን፣ የታመመውን፣ ከመካከላችን የጠፋውን ወንድማችንን ልንረሳ እንችላለን። ዝክራችን እውነተኛ መሆኑን የምንመዝንበት ጥያቄ እንግዲህ «ስንት ሰው በላ?» የሚለው አይደለም። «ዮሴፍ ታሰበ ወይ?» የሚለው ነው።

ሐ. ሰባቱ ሰዓታት

ዝክር በወር አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ቀሪው ሃያ ዘጠኙ ቀን ለመርሳት የተተወ ይሆናል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያን በየዕለቱ በሰዓት አሰረችው። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 118 በቀን ሰባት ጊዜ እንዳመሰገነ ተናግሯል። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 14 የጸሎትን ጊዜያት ዘርዝሮ ደንግጓል። እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው።

እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ መታሰቢያ አለው። በነግህ ከጨለማ ወደ ብርሃን ያወጣንን እናመሰግናለን፤ ጌታችንም በጲላጦስ ፊት መቆሙን እናስባለን። በሠለስት ማለት በሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን እናስባለን። በቀትር በስድስት ሰዓት ጌታችን ስለ እኛ መሰቀሉን፣ በተሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱን፣ በሠርክ ወደ መቃብር መውረዱን፣ በንዋም በጌቴሴማኒ መጸለዩን፣ በመንፈቀ ሌሊት ልደቱን፣ ትንሣኤውንና ዳግም ምጽአቱን እናስባለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የምንቈጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። በሐዋርያት ሥራ ያለውም ቍጥር እንዲሁ ነው። ጴጥሮስ ሊጸልይ ወደ ሰገነት የወጣበት ስድስት ሰዓት የእኛው ስድስት ሰዓት ነው (ሐዋ. 10፥9)። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡበት የጸሎት ጊዜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ የእኛው ዘጠኝ ሰዓት ነው (ሐዋ. 3፥1)። በሌላ አገር ያለ ክርስቲያን ይህን ለመረዳት ሒሳብ መሥራት ሊያስፈልገው ይችላል፤ እኛ ግን ሰዓታችንን ማየት ብቻ ይበቃናል። በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለ ተማሪ፣ በሱቅ ያለ ነጋዴ፣ በሽንኩርት ማሳ ላይ ያለ የቀን ሠራተኛ «ዘጠኝ ሰዓት ሆነ» ባለ ቍጥር ሳያውቀው የቀራንዮን ሰዓት ይጠራል። ሳያውቀው የሚለውን አውቆ ቢለው ምን ይጐድልበታል?

የዘጠኝ ሰዓት ነገር በዚህ አያበቃም። መቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ መልአክ የተገለጠለት በዘጠኝ ሰዓት ነበር (ሐዋ. 10፥3-4)። መልአኩም የነገረው ጸሎቱና ምጽዋቱ ለመታሰቢያ ወደ እግዚአብሔር ፊት እንደ ወጣ ነው። አስተውሉ፤ ሁለቱ አብረው ነው የወጡት። ጸሎቱ ለብቻው፣ ምጽዋቱም ለብቻው አልወጡም። ዝክር የሚባለው ይህ ነው፤ አንደኛው ክንፍ ጸሎት፣ ሁለተኛው ክንፍ ምጽዋት የሆነ፣ በተወሰነ ሰዓት የሚነሣ መታሰቢያ ነው። «ጸሎቱ ይበቃናል» የምንል ወጣቶች፣ «ድግሱ ይበቃናል» የሚሉም ታላላቆቻችን ሁላችንም በአንድ ክንፍ ለመብረር እየሞከርን እንዳይሆን እንመርምር።

መ. የሳምንቱና የወሩ መታሰቢያ

ከሰዓታት ቀጥሎ ዕለታት አሉ። ረቡዕና ዓርብ የምንጾመው በምክንያት ነው፤ ረቡዕ በጌታችን ላይ አይሁድ የመከሩበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ዕለት መታሰቢያ ነው። ውዳሴ ማርያምም በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚጸለይ ስለሆነ ከሰኞ እስከ እሑድ ድረስ መታሰቢያ የሌለው ቀን አይገኝም።

በወሩም እንዲሁ ነው። 12 የቅዱስ ሚካኤል፣ 19 የቅዱስ ገብርኤል፣ 21 የእመቤታችን፣ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ 27 የመድኃኔ ዓለም፣ 29 የባለወልድ መታሰቢያ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሕዝባችን ይህን በንግግሩ ውስጥ አስገብቶት ይኖራል። «ገንዘብህን ለሚካኤል እከፍልሃለሁ»፣ «ከባለወልድ በኋላ እንገናኝ» ይላል። ቀኑን በቍጥር ሳይሆን በስም ይጠራዋል። ባለ ዕዳውና ባለ ገንዘቡ በቅዱሱ ስም ሲቀጣጠሩ ቃላቸውን የሚሰማ ምስክር ያቆማሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ የሚካኤል ዕለት ደርሶ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ያፈረሰው ተራ ቀጠሮ አይደለም።

ነገር ግን ይህን የቀን መቍጠሪያ ከሁላችን ይልቅ አጥብቀው የሚጠብቁት እነማን ናቸው? በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብና በየበራችን የሚቆሙት ችግረኞች ናቸው። በ21 «ስለ ማርያም»፣ በ27 «ስለ መድኃኔ ዓለም» ይላሉ። ተማሪው በፈተና፣ ነጋዴው በገበያ ተይዞ ቀኑን ሲረሳ የዕለቱን ቅዱስ ስም ጠርቶ የሚያስታውሰን የኔ ብጤው ነው። እርሱ እኛን ከሚለምነን ይልቅ እኛ ከእርሱ የምንማረው ሊበልጥ ይችላል። ስሙን ሰምተን ያለፍነው እንደሆነ ግን ቀኑን ሰምተን እንዳልሰማን እንሆናለን።

ሠ. ጽዋው ሲከብድ

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ጽዋ ማኅበር እንደሚታወቀው አባላቱ በየወሩ በተራ ጽዋውን እየተቀበሉ በቅዱሱ ስም የሚሰበሰቡበት ነው። የማኅበሩ ሙሴ አለ፤ ካህን ይጸልያሉ፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። ዓላማው መረዳዳት ነው። አንዱ ቢታመም ሌሎቹ ይጠይቁታል፤ ቢያዝን ያጽናኑታል፤ ቢሞት ይቀብሩታል፤ ነፍሱንም ያስቡለታል።

ይህ መልካም ሥርዓት በብዙ ቦታ የሚከብደው ከፉክክር የተነሣ ነው። አንዱ ዳቦና ጠላ ቢያቀርብ ቀጣዩ ወጥ ይጨምራል፤ ሦስተኛው በግ ያርዳል፤ አራተኛው «ከእገሌ እንዳላንስ» ብሎ ይበደራል። አምስተኛው መበደሪያ የሌለው እንደሆነ ተራው ሲደርስ ይቀራል። በአንድ ወር የቀረ ሰው በሚቀጥለው ወር ያፍራል፤ ካፈረም በኋላ ይጠፋል። እንግዲህ ለማሰብ የተቋቋመው ማኅበር የራሱን ሰው ረሳ ማለት ነው። ጠጅ አሳላፊው ጽዋ ይዟል፤ ዮሴፍ ግን በግዞት ነው።

በወለንጪቲ በአንድ ማኅበር የሆነውን እንንገራችሁ። ከአባላቱ አንዱ በሽንኩርት ማሳ በቀን ሥራ የሚተዳደር ወጣት ነበር። የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ተራው ሊደርስ ሲል ከማኅበሩ ራቀ። «ወደ መተሐራ ለሥራ ሄዷል» ተባለ፤ ነገሩም በዚያው ታለፈ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ግን ከተማውን እንዳልለቀቀ፣ ወባ ይዞት ከማኅበሩ ሰዎች ቤት ብዙም በማይርቅ የኪራይ ክፍል ውስጥ መተኛቱ ተሰማ። በዚያ ወር ተረኛ የነበሩ አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ ካህኑንና ማኅበርተኞቹን ጠርተው፣ ቆሎና አንድ ጀሪካን ውኃ አስይዘው ወደ ልጁ ክፍል ሄዱ። ወጣቱ ሲያያቸው ደንግጦ ሊነሣ ሞከረ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ምንም የለኝም» አላቸው።

«ልጄ፣ ቅዱስ ሚካኤል ድግስ አልጠየቀህም፤ የጠየቅንህ እኛ ነን» አሉት።

ካህኑ እዚያው ጸለዩ፤ ቆሎው ተባርኮ ለሁሉም ታደለ፤ ውኃውም በጽዋው ተቀዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማኅበሩ ሰዎች የጽዋው ማዕድ ከዳቦ፣ ከቆሎና ከአንድ ዓይነት መጠጥ እንዳያልፍ፣ የቀረ አባል ካለም በዚያው ሳምንት ሁለት ሰው ሄዶ እንዲጠይቀው ተስማሙ። ወጣቱ ድኖ ተራውን በቆሎና በውኃ ፈጸመ። ማንም አላነሰበትም።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ጌታችን አስቀድሞ የተናገረውን ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 በደቀ መዝሙር ስም ለታናናሾች የተሰጠ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ዋጋው እንደማይጠፋ ተናግሯል። ጌታችን የዝክርን ዝቅተኛ መጠን ሲወስን በግ አላለም፤ ዳቦም አላለም። ውኃ አለ። ከዚህ የሚያንስ የለምና «የለኝም» ብሎ ከዝክር የሚቀር ሰው አይኖርም። ደግሞም በእኛ አገር፣ ቦሰት ተራራ እያየነው ዝናብ በሚዘገይበት፣ ውኃ በቢጫ ጀሪካን በአህያ ጋሪ በሚጓጓዝበት ቆላ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ትንሽ ስጦታ እንዳልሆነ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ረ. በብላቴ የታሰበው

ይህ ሁሉ ለእናቶች እንጂ ለተማሪ አይሆንም የሚል ቢኖር፣ በስምጥ ሸለቆአችን ውስጥ የተፈጸመውን ያስታውስ።

በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካህናትንና ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ የሚመጡ ተማሪዎችም በክረምት በዚያ እየተገኙ ይማሩ ነበር። ብፁዕነታቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። በሚቀጥለው በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችን ወደ ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ባስገባ ጊዜ በመካከላቸው የነበሩ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች በአንድነት ይጸልዩ፣ በቅዱስ ሚካኤልም ስም ይሰበሰቡ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መንግሥት ተለወጠ፤ ተማሪዎቹም ተበተኑ። በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ግን ከብላቴ የተመለሱት ወጣቶች ከመሠረቱት መካከል ነበሩ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ግቢ ጉባኤያት በዚህ ማኅበር አገልግሎት ውስጥ ይገኛሉ።

በወታደር ሰፈር ያለ ተማሪ እንደ ቤቱ ሊደግስ አይችልም። ሊዘክር ግን ይችላል፤ እነዚያ ወጣቶችም ዘከሩ። በዝዋይ የተማሩትን በብላቴ አሰቡት፤ በብላቴ ያሰቡትን በየትምህርት ቤታቸው ሠሩት። ከላይ እንዳልነው ማሰብና ማድረግ አልተለያዩም። እኛም ከአዳማ ሆነ ከሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከቤታችንና ከአጥቢያችን ርቀን፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል በማይሰማበት መኝታ ክፍል ስንኖር ከእነርሱ የከበደ ሁኔታ ገጥሞናል ልንል አንችልም።

ሰ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. ሰዓት እንያዝ። ሰባቱን ሰዓታት በአንድ ጊዜ መጠበቅ ለጀማሪ ይከብዳል። ስለዚህ በነግህ፣ በዘጠኝ ሰዓትና ከመኝታ በፊት እንጀምር። በክፍል ውስጥ ወይም በሥራ ላይ ያለ ሰው ቆሞ መጸለይ ባይችል በልቡ አቡነ ዘበሰማያትን ማድረስ ይችላል። ስልካችን ለፈተናና ለቀጠሮ እንደሚቀሰቅሰን ሁሉ ለዘጠኝ ሰዓትም ሊቀሰቅሰን ይችላል። ሰዓት ያልተቈረጠለት ማሰብ እንደ ቀዳዳ ጀሪካን ነው፤ መንገድ ላይ ፈስሶ ያልቃል።

2ኛ. ከወሩ አንድ ቀን እንምረጥ። በዚያ ቀን የዚያን ቅዱስ ገድል ወይም የስንክሳሩን ንባብ እናንብብ፤ የዚያን ቀን ምሳችንን ወይም የሻይ ገንዘባችንን ለአንድ ችግረኛ እንስጥ። በመኝታ ክፍል ያለን ተማሪዎች ሦስት አራት ሆነን አንድ ዳቦ ቈርሰን ጸልየን መካፈል እንችላለን።

3ኛ. የስም ዝርዝር ይኑረን። በጸሎት መጽሐፋችን ውስጥ በትንሽ ወረቀት ላይ የታመመውን፣ የታሰረውን፣ ወደ ዐረብ አገር የሄደችውን እኅታችንን፣ በጅቡቲ መንገድ ጭነት መኪና የሚነዳውን ወንድማችንን፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ የቀረውን ጓደኛችንን ስም እንጻፍ። ስማቸውን በጸሎት እንጥራ። ከጠራንም በኋላ በዚያው ሳምንት ከእነርሱ ለአንዱ እንደውልለት ወይም እንጠይቀው። ስሙን ለእግዚአብሔር ነግረን ራሳችን ዝም ብንለው አንድ ክንፍ ጐደለ።

4ኛ. የውኃ ዝክር እናድርግ። ወለንጪቲ በመንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 ወደ ቍልቢ ቅዱስ ገብርኤል የሚሄዱ ምእመናን በዚህ መንገድ ያልፋሉ፤ በመኪናም በእግርም የሚጓዙ አሉ። ቍልቢ ራሱ የመታሰቢያ ፍሬ ነው፤ ልዑል ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ስለታቸውን አስበው ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይታወቃል። ሰው በችግር ቀን የተሳለውን በደስታ ቀን ካልረሳ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል። ከከተማችን እናቶች አንዳንዶቹ ለመንገደኞቹ ውኃ ይዘው ሲወጡ እናያለን። ሰንበት ትምህርት ቤታችንም ለመጪው ታኅሣሥ 19 ከወዲሁ ተዘጋጅቶ ቢወጣ መልካም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገን ጥቂት ጀሪካን፣ ንጹሕ ኩባያና ተራ የሚጠብቁ ሃያ ያህል ወጣቶች ናቸው።

5ኛ. የጠፋውን እንፈልግ። በየማኅበራችንና በየክፍላችን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የቀረ አባል ካለ «ለምን ቀረ?» ብለን ከመውቀሳችን በፊት ሁለት ሆነን ቤቱ እንሂድ። ምናልባት ገንዘብ አጥቶ ይሆናል፤ ምናልባት ልብስ አጥቶ አፍሮ ይሆናል፤ ምናልባትም ታሞ ይሆናል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በጌታችን ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ በመጨረሻ ሰዓቱ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጌታ በመንግሥቱ ሲመጣ እንዲያስበው ለመነ (ሉቃ. 23፥42)። ሥራው ሁሉ አልፎበት፣ እጁ ተቸንክሮ፣ የሚያቀርበው ምንም ስጦታ ሳይኖረው መታሰብን ብቻ ለመነ፤ አገኘም። እኛም በየቅዳሴው የምንለምነው ይህንኑ ነው። እንዲታሰብ የሚለምን ሰው ሊያስብ ይገባዋል። የዘንድሮ ዝናብ ቢሳካም ባይሳካም፣ ኪሳችን ቢሞላም ባይሞላም፣ ዘጠኝ ሰዓት በየቀኑ ይመጣል፤ በየመንደራችንም ስሙን የሚጠራለት ያጣ አንድ ዮሴፍ አይጠፋም። ልዑል እግዚአብሔር የማይረሳ ልብና የማይታጠፍ እጅ ይስጠን፤ አሜን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እግዚአብሔር ኖኅን አሰበው ሲባል ምን ማለት ነው? ሰውስ ሰውን አሰበው የሚባለው መቼ ነው?

2. በዘዳ. ምዕራፍ 8 መሠረት መርሳት የሚመጣው መቼ ነው? የእኛ የጥጋብ ሰዓት የትኛው ነው?

3. የቆርኔሌዎስ ጸሎትና ምጽዋት አብረው መውጣታቸው ስለ ዝክር ምን ያስተምረናል?

4. በእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ካለፈው መስከረም ወዲህ የቀሩ አባላት እነማን ናቸው? በዚህ ሳምንት ማን ማንን ይጠይቃል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።